ለእህቴ ልጅ የሳንቲም ሳጥን፦ ከሀዋሳ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

እሁድ ማታ

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል፣ ለልደቱ ሳንቲም ነው የምሰጠው። የኪስ ገንዘብ አይደለም፣ ድሮ የተገበያየንባቸውን ሳንቲሞች በየዘመኑ ደርድሬ በሳጥን። እሱ የሚፈልገው ታብሌት ነው፣ እናቱ ደሞ ጫማ፣ እኔ ግን ወስኛለሁ። እየሰራሁ እዚህ እጽፋለሁ፣ ሌላ አጎት ወይ አክስት ይጠቀምበት ይሆናል።

መጀመሪያ ያሰብኩት ውጭ ሀገር እንደሚያደርጉት ልጁ የተወለደበት ዓመት የተጻፈባቸውን ሳንቲሞች ሰብስቤ ልስጠው ብዬ ነበር። ሀሳቡ ደስ ይላል ግን እኛ ጋ ብዙም አያስኬድም፣ ምክንያቱም ሳንቲሞቻችን ላይ ያለው ዓመት ብዙውን ጊዜ ሳንቲሙ የተመታበት ሳይሆን ዲዛይኑ የወጣበት ነው። የጃንሆይ ሳንቲሞች አብዛኛዎቹ 1936 ነው የሚሉት፣ ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ሲመቱም ያው 1936። የደርጎቹም እኛ የተገበያየንባቸው 1969 ናቸው። ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) የባሰ ነው፣ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጅ 1780 ነው፣ ከዛ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚመታው ሁሉ 1780 ይላል። የልጁን 2009 ፈልጌ አላገኘሁም፣ ተውኩት።

በሱ ፈንታ በቤተሰብ ልሂድ አልኩ። ሦስት ረድፍ፦ አያቱ ልጅ ሆና ሱቅ የተላከችባቸው (1936)፣ እናቱ ልጅ ሆና የተላከችባቸው (1969)፣ እሱ አሁን የሚያውቃቸው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ረድፍ የሚጠየቅ ሰው አለው፣ ያውም በህይወት ያለ፣ ያውም እዛው ግቢ የሚኖር።

አንድ ህግ ደሞ አወጣሁ፣ ቢወድቅ ወይ ቢጠፋ የሚያስለቅስ ሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ የሚያብረቀርቅ የስጦታ ስብስብ አይቻለሁ፣ ወርቅ የተቀባ ምናምን። ልጅ ያንን ምን ያደርገዋል? አንዴ ያየዋል ከዛ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሳንቲም በእጅ ካልተያዘ ሳንቲም አይደለም ባይ ነኝ።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው መአድን የእህቴ ቤት ሆኖ ተገኘ። ቁም ሳጥን ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ፣ ውስጡ ቁልፍ፣ የሸሚዝ አዝራር፣ የተሰበረ ሀብል፣ ከስር ሳንቲም በሳንቲም። ጋዜጣ ላይ ደፋሁትና ለየሁ። የ1969ኙ ረድፍ ያለ አንዲት ብር ወጪ ሞላ ማለት ይቻላል። አንድ ሳንቲሟ አሉሚኒየም ነች፣ ገበሬው ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ፣ እንደ ቅጠል ትቀላለች። አምስት ሳንቲም ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር፣ አስር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን፣ ስሙኒው ላይ ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ሕዝቡ። በሌላው ገጽ ሁሉም ላይ የአንበሳ ራስ ነው፣ ዘውድ የሌለው።

የአንድ ሳንቲሟን ነገር እህቴን ብጠይቃት “እኔ ራሴ በሷ ምንም ገዝቼ አላውቅም ግን ስጥል እናቴ ትቆጣ ነበር” አለችኝ። ሳንቲሟ በምትቀመጥበት ካርድ ላይ ይሄንኑ ነው የምጽፈው።

ከድሮ ስፒከር የፈታሁት ማግኔት ነበረኝ፣ ዝም ብዬ ብሞክረው በጣም ደስ የሚል ነገር ወጣ። የ1969 አስር ሳንቲም አይለጠፍም፣ ነሐስ ስለሆነ። 1996 የሚለው አስር ሳንቲም ግን ልጥፍ! ውስጡ ብረት ነው፣ ከላይ ብቻ ነው የተለበጠው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው መልካቸው አንድ፣ አጋዘኑ አንድ፣ ማግኔት ነው የሚለያቸው። ወዲያው ወሰንኩ፣ ማግኔቱ ራሱ የስጦታው አካል ይሆናል። ማጉያ መነጽርም ይጨመራል።

ሐሙስ

የአያቱ ረድፍ ቀላል አልሆነም። አሮጌ ገበያ ዞርኩ፣ ከዛ ፒያሳ አካባቢ የባህል እቃ የሚሸጡ ሱቆች ገባሁ። ሰዉ ላይ አንድ በሽታ ገብቷል፣ ቴሌግራም ላይ “የድሮ ሳንቲም ያለው በሚሊዮን እንገዛለን” የሚል ወሬ ስላለ የጃንሆይ አምስት ሳንቲም ስትጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ ፊትህን ያጠናል። አንዱ ልጅ “ወንድሜ ይሄ እኮ ቅርስ ነው” ብሎ የጠራልኝን ዋጋ አልነግራችሁም፣ ሳቅኩና ወጣሁ። እነዚህ ሳንቲሞች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነው የተመቱት፣ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ ፊላደልፊያ፣ የሚወደደው በጣም ንጹህ ሆኖ የቆየው ነው እንጂ ኪስ ለኪስ ያለቀው አይደለም። በመጨረሻ አንዲት ቀበቶና ዶቃ የሚሸጡ እናት ጋ በላስቲክ የታሰሩ አገኘሁ፣ “ልጄ ለምንህ ነው?” አሉኝ፣ “ለእህቴ ልጅ ልደት” ስላቸው “በል እንግዲህ ምርጥ” ብለው በጣም በቀነሰ ዋጋ አንድ አምስት፣ አንድ አስርና አንድ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነ ስሙኒ ሰጡኝ።

በነገራችን ላይ ሳንቲም በላስቲክ አትሰሩ። ላስቲኩ ውስጥ ድኝ አለ፣ የብር ሳንቲም ከሆነ ያጠቁረዋል።

አንድ ሰው ደሞ “የአክሱም ሳንቲም አለ” ብሎ ፎቶ ላከልኝ። አልፈልግም አልኩት። እውነተኛ ከሆነ በአዋጅ 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ነው፣ ፎርጅድ ከሆነ ደሞ ለምን እገዛለሁ። የአክሱም ነገሥታቱን የእንዱቢስንና የኢዛናን ሳንቲም ልጁ አንድ ቀን አዲስ አበባ ሙዚየም ሄዶ ያየዋል፣ ጨረቃው በመስቀል የተተካበትን ቦታ በጣቱ መስታወቱ ላይ ያሳያል፣ ይበቃዋል።

ቅዳሜ

ጠገራ ብር መጨመር አለብኝ የለብኝም የሚለው ሳምንቱን ሙሉ ሲያከራክረኝ ነበር። አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ አገኘሁ፣ ሻጩ ኦሪጅናል ነው ብሎ ይምላል። ጎኑን አዞርኩት። እውነተኛው ጠገራ ጎኑ ላይ ዙሪያውን በላቲን የተጻፈ አለው፣ ፍትህና ምህረት የሚል፣ በመሀል በመሀል ትንንሽ ጌጥ። የሱ ጎን ልሙጥ ነው፣ እንዲያውም መሀሉ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስስ መስመር አለው፣ ሁለት ግማሽ ቅርጽ ተጋጥሞ የተፈሰሰ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። አመስግኜ መለስኩለት።

ከዛ እማዬ ጋ ሄድኩ። እሷ አንድ አላት፣ ከእናቷ የወረሰችው፣ ጫፉ ላይ ተበስቶ አንገት ላይ ይታሰር የነበረ። ሙዳይዋ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። ለመነኋት፣ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። ክብደቱ 28 ግራም ከምናምን መሆን ነበረበት፣ ስለተበሳና ስላለቀ 27.8 መጣ። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠን ዜሮ አደረግነው፣ ብሩን በክር አንጠልጥዬ ታች ሳይነካ ውሃው ውስጥ አስገባሁት፣ ሚዛኑ 2.73 አለ። 27.8ን ለ2.73 ስታካፍለው ወደ 10.2 ይመጣል፣ ማለትም በመጠኑ ልክ ካለ ውሃ 10.2 እጥፍ ይከብዳል። ንጹህ ብር 10.5 ገደማ ነው፣ ጠገራው ከስድስት እጅ አምስቱ ብር ቀሪው መዳብ ስለሆነ ልክ 10.2 አካባቢ ነው መሆን ያለበት። የወርቅ ቤቱ ሰውዬ ራሱ ስልኩ ላይ ደግሞ አሰላውና “እሺ ይሄን ነገር ከአሁን በኋላ እኔም እሰራበታለሁ” አለኝ። ጠገራው ላይ ማርያ ቴሬዛ ደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ፒን በማጉያ ብታዩት ዙሪያው ትንንሽ ሉሎች አሉ፣ ዘጠኝ፣ ድሮ ሰው ገበያ ላይ ጠገራ ሲቀበል እነሱን ይቆጥር ነበር፣ ከደበዘዙ አልቀበልም ይላል።

“ላብራልህ?” አለኝ ሰውዬው የሚፈትገውን ማሽን እያሳየ። ኧረ በፍጹም። የድሮ ሳንቲም ከተፈተገ ቆዳው ነው የሚገፈፈው፣ ያ ጥቁረቱ ራሱ ዕድሜው ነው፣ ሰብሳቢ የሆነ ሰው የተፈተገ ሳንቲም ሲያይ ወዲያው ዋጋ ይጥላል።

እማዬን ለልጁ ስጪው ብላት “አይሆንም! የእናቴ ነው፣ ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም” አለች። ትክክል ነች። ህጌን ራሷ አስከበረችልኝ። ልጁ ጠገራውን ማየት ሲፈልግ እሷ ጋ ሄዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እሷ እያየችው ይይዘዋል። ሳጥኑ ውስጥ ጠገራ የለም፣ የምኒልክም የለም፣ አለቀ።

ስሙኒና አምስት ሳንቲሞቹን ግን አይታ “ምን ያህል ቆሽሸዋል፣ በሎሚና በአመድ ፈትጋቸው” ብላ ተነሳች፣ እሱን ለመከላከል ትንሽ ታገልኩ። ሎሚ አሲድ ነው፣ አመድ ደሞ ይፋጫል፣ ሁለቱ ሲደመሩ ምስሉን ይበሉታል። እኔ ያደረግኩት ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ዘፍዝፎ መተው፣ ማለቅለቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። ማሸት የለም።

ሰኞ ማታ፣ የሃይላንዱ ነገር

ረጅሙ ሥራ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሳንቲም በካርድ መስኮት ውስጥ እንዲቀመጥ ነው የምፈልገው፣ ሁለቱም ገጽ እንዲታይ። ለመስኮቱ የጠራ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ስቴሽነሪ ሄጄ ለመጽሐፍ ጥረዛ የሚሆነውን ግልጽ ሽፋን ገዛሁ፣ ግን ብዙው የዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው፣ ፒቪሲ ደሞ ከጊዜ ብዛት የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይተፋና መዳብና ነሐስ ያበላሻል። ስለዚህ ፈተንኩት።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተላጠ የመዳብ ሽቦ በፒንሳ ትይዛላችሁ፣ ቡታጋዝ እሳት ላይ ቀልቶ እሳቱ ምንም ቀለም እስከማያሳይ ታግላላችሁ፣ በጋለው ጫፍ ፕላስቲኩን ነካ፣ ትንሽ ይቀልጥበታል፣ ከዛ መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ። ሰማያዊው እሳት አረንጓዴ ከሆነ ፒቪሲ ነው። የኔው ቦግ ብሎ አረንጓዴ ሆነ። ደጅ አድርጉት፣ ጭሱን አትማጉ፣ ልጅ ባለበት አይሆንም።

ከዛ ቁጭ ብዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ሃይላንድ አየሁት። ሃይላንድ የሚሰራው ፔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ ሰብሳቢዎች ማይላር እያሉ በውድ የሚገዙት ሽፋን ደሞ ያው ፔት ነው፣ ቀጥኖ ተዘርግቶ ነው እንጂ። በሽቦው ፈተንኩት፣ አረንጓዴ የለም። በቃ! ወገቡ ልሙጥ የሆነውን ሃይላንድ መርጬ አናቱንና ቂጡን ቆረጥኩ፣ መሀሉን በቁመቱ ሰነጠቅኩት፣ ጥምዝዝ ይላል እምቢ ይላል፣ በተቃራኒው ጠቅልዬ በክር አስሬ አሳደርኩት፣ በነጋታው ከመጽሐፍ ስር አስገባሁት። ካውያ እንዳታስጠጉ፣ ይኮማተራል።

ካርዱ ጠንካራ ነጭ ካርቶን ነው፣ አምስት በአምስት ሴንቲሜትር፣ ሁለት ሁለቱን ለአንድ ሳንቲም። ሳንቲሙን አስቀምጦ በእርሳስ መዞር፣ ከመስመሩ ገባ ብሎ በከተር መቁረጥ፣ ከውስጥ በኩል የሃይላንዱን ቁራጭ በኮላ ዳር ዳሩን መለጠፍ፣ ኮላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ሳንቲሙን መሀል አድርጎ ሁለቱን ማጣበቅ። ስቴፕለር አልተጠቀምኩም፣ ሽቦው ይዝጋል ደሞም ሌላውን ሳንቲም ይቧጭራል።

እዚህ ጋ ግን “በእጅ ካልተያዘ” ብለህ አልነበር ወይ የሚል ይኖራል። ለዛ ነው ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት የፈለግኩት። አንዱ በመስኮት፣ ሌላው ያለ ምንም ሽፋን በጨርቅ ከረጢት ውስጥ፣ የሚጣል፣ የሚሽከረከር፣ የሚለወጥ። የአያቱ ረድፍ ግን ድርብ የለውም ስለዚህ የስሙኒው መስኮት እንዲከፈት አድርጌ አንዱን ጎን ሳላጣብቅ ተውኩት።

ረቡዕ

ሳጥኑን አናጺ ሰራልኝ፣ ከወንበር ሥራ የተረፈ ዋንዛ፣ ሦስት ረድፍ፣ ክዳን ከነማጠፊያው። መስታወት ላድርግበት አለኝ፣ አልፈለግኩም። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ክፍት አድርጌ አቆየዋለሁ ምክንያቱም ትነቱ ተዘግቶበት ከሳንቲም ጋር መኖር የለበትም። እዚህ ሐይቁ ዳር ነን፣ እርጥበት አለ፣ ስለዚህ ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት ከታችኛው ወለል ስር ቀበርኩት፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ። ክዳኑ ላይ ጠንከር ያለ መቀርቀሪያ አስገጠምኩ፣ ልጁ ሁለት ዓመት ያልሞላት እህት አለችው፣ ያገኘችውን ወደ አፏ ነው፣ አሉሚኒየሟ አንድ ሳንቲም ደሞ ለመዋጥ የተሰራች ነው የምትመስለው።

በየካርዱ ጀርባ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ብቻ ጻፍኩ፣ ልክ ሳንቲሙ ላይ እንዳለው። ፲፱፻፴፮ን ራሱ ይፍታው፣ አስርና ዘጠኝ በመቶ ተባዝቶ ሲደመር ሠላሳና ስድስት። ዜሮ የሚባል ነገር የለም። የ2002ቱ ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር፣ ሚዛን ያለበት፣ ፳፻፪ ብቻ ነው፣ አጭር፣ ይሄ ግራ ሊያጋባው ነው ብዬ ጓጉቻለሁ።

የልደቱ ማግስት

ሰጠሁት። መጀመሪያ ያለው “ስንት ያወጣል?” ነው። “ምንም አያወጣም” ስለው ፊቱ ትንሽ ቀየር አለ። ማግኔቱን ሲያገኝ ግን በቃ ጠፋ፣ የከረጢቱን ሳንቲሞች ፈተነ፣ ከዛ የቤቱን ማንኪያ፣ የበሩን እጀታ፣ የእናቱን ጉትቻ። የማይለጠፈውንና የሚለጠፈውን አስር ሳንቲም ይዞ መጥቶ “አጎቴ አንዱ ፎርጅድ ነው!” አለኝ፣ ሁለቱም ኦሪጅናል እንደሆኑ ለማሳመን ጊዜ ፈጀብኝ።

ከዛ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ መለየት ጀመረ፣ ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ስሙኒው ላይ ሲደርስ ቆመ። “ይሄ ለምንድነው ጠርዙ ጥርስ ጥርስ የሆነው?” ታሪኩን ነገርኩት። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር፣ ከመዳብ፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ደሞ ከብር፣ ስፋታቸው በጣም ይቀራረባል። ሰዉ ምን አደረገ፣ ስሙኒውን ብር ቀባና ሃምሳ ሳንቲም ነው ብሎ ገበያ ላይ ሰጠ። መንግስት ክቡን ሰበሰበ፣ ጠርዙን ጥርስ አደረገው፣ ቀለም ቢቀባም በጣት ይታወቃል። ክቡ አሁን ብርቅ ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ሰማኝና “ጎበዝ ሌቦች” አለ። እናቱ ከኩሽና “ምን አልክ?” አለች።

አያቱ ጎን ሄዶ ተቀመጠ፣ በስሙኒ ምን ትገዢ ነበር አላት፣ እሷም ስኳር፣ ክብሪት፣ ጨው እያለች ቆጠረችለት፣ በመሀል ጠገራዋን ራሷ አመጣችው፣ ማንም ሳይለምናት።

ከሳምንት በኋላ

አንድ ብሩን ሱቅ ይዞ ሄዶ ማስቲካ ጠይቆ ባለሱቁ ስቆበት ተመለሰ። ትልቁ ዜና ግን የልውውጡ ነው። ከረጢቱን ትምህርት ቤት ይዞ ሄዶ አንድ ልጅ ጋ፣ አባቱ በሞያሌ መስመር የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሁለት የደርግ ስሙኒና አንድ አሉሚኒየም ሰጥቶ የኬንያ አስር ሽልንግ ይዞ መጣ። ጥሩ ንግድ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እሱ ግን ደረቱን ነፍቷል፣ ምክንያቱም ኬንያውም አንበሳ ነው። ባለ አምስቱ አውራሪስ፣ ባለ ሃያው ዝሆን እንደሆነ ነገርኩት፣ ባለ አንዱ ደሞ ቀጭኔ፣ አሁን ሁሉንም ይፈልጋል፣ የሹፌሩን ልጅ በየቀኑ እየጨቀጨቀው ነው።

ሳንቲሙ ላይ 2018 ይላል። “የዘንድሮ ነው! አዲስ ነው!” ብሎ ጮኸ። የፈረንጅ እንደሆነ፣ በኛ 2010 ወይ 2011 እንደሚሆን ሳስረዳው “ታዲያ እኔ ስንት ዓመቴ ነበር?” አለ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ አንድ ወይ ሁለት። ለሱ ዕድሜ የሚቀርበው ሳንቲም የኬንያ ሆኖ አረፈው። አራተኛ ረድፍ ይጨመር ተብያለሁ፣ አናጺው ግን ዋንዛው አልቋል ይላል፣ እኔም ልሙጥ ሃይላንድ እያጠራቀምኩ ነው።